መሬቱ የት ያልቃል? ወሰን እንዴት ይሠራል

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን መንገድ ይዘን፣ ለገጣፎን አልፈን ለገዳዲ ስንደርስ፣ በዓይን የማናያቸውን ብዙ መስመሮች እየተሻገርን ነው። እርሻ ከእርሻ የሚለይበት አለ። ለቤት የተሸነሸነ ቦታ ከጎረቤቱ የሚለይበት አለ። ቀበሌ ከቀበሌ፣ ከተማ ከከተማ የሚካለልበት አለ። ሰው ያላሰመረው፣ ዝናብ ራሱ በየክረምቱ የሚያሰምረው መስመርም አለ። ለገዳዲም እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ፣ ትናንት ጤፍና ስንዴ የተዘራበት መሬት ዛሬ በካሬ ሜትር የሚቆጠርበት አካባቢ ነው። መሬት በካሬ ሜትር መቆጠር ከጀመረ ደግሞ «የት ያልቃል?» የሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ወሰን ሲባል አጥር ይታየዋል። አጥር ግን ወሰኑ ላይ የቆመ ዕቃ ነው፤ ነፋስ ይጥለዋል፣ ከብት ያፈርሰዋል፣ ሰው ያነሣዋል። ወሰን የምለው አጥሩ ከጠፋ በኋላም ባለመሬቱ፣ ጎረቤቱና ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ የማያውቁት ሰው ለየብቻቸው ሄደው አንድ ቦታ ላይ የሚያገኙትን ነጥብ ነው። አንድ ነገር በግልጽ ይከለላል ወይስ አይከለልም ብለን ስንጠይቅ፣ ጠርዙን እንደገና ማግኘት ይቻላል ወይ ማለታችን ነው። አንዳንዱ ነገር ይህን በቀላሉ ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ በብዙ ድካም ይፈቅዳል፤ ጨርሶ የማይፈቅድም አለ። ሦስቱንም ለገዳዲ ላይ ማየት ይቻላል። በቀላሉ ከሚፈቅደው፣ ከውኃው እንጀምር።

የለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተጠናቆ ለአዲስ አበባ ውኃ ማቅረብ ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራው የድሬ ግድብም ውኃውን የሚልከው ወደ ለገዳዲ ማጣሪያ ነው። ለገዳዲ ግድብ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ የሚመጣው ከግድቡ በላይ ከተዘረጋ፣ ስፋቱ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነ መሬት ነው። እዚያ ላይ የወረደ ዝናብ መሬት ውስጥ ካልሰረገ ወይም ካልተነነ መድረሻው ግድቡ ነው። ስፋቱ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በ200 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 200 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ከፊሉ ይቀራል እንጂ ሁሉም አይደርስም፤ ቢሆንም ግድቡ በሐምሌና በነሐሴ ለምን ቶሎ እንደሚሞላ ከዚህ ይገባናል።

ይህ መሬት ተፋሰስ ይባላል። ጠርዙ የት ነው? የቆርቆሮ ጣሪያን አስቡ። አናቱ ላይ የወደቀው ጠብታ ከአናቱ ትንሽ ወዲህ ከሆነ ወደ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ወዲያ ከሆነ ወደ ጓሮ ይወርዳል። መካከለኛ የሚባል ጠብታ የለም። የተፋሰስ ወሰንም ኮረብታው አናት ላይ የሚሄደው፣ ጠብታ ሁሉ ከሁለት አንዱን የሚመርጥበት መስመር ነው። ይህን መስመር ለማግኘት ፍርድ ቤትም ሽማግሌም አያስፈልግም፤ ቢጠፋብን ክረምት ሲገባ ዝናቡ እንደገና ያሳየናል።

ካርታ ላይ የሚሰመረውም በዚሁ ሐሳብ ነው። የቦታ ካርታ ላይ ቀያሾች ኮንቱር የሚሏቸው ጠመዝማዛ መስመሮች አሉ፤ አንዱ መስመር ያለፈባቸው ቦታዎች ሁሉ እኩል ከፍታ አላቸው። መስመሮቹ ሸለቆ ሲያቋርጡ ወደ ወንዙ መነሻ ይቀስራሉ፤ ሸንተረር ሲያቋርጡ ደግሞ ወደ ቁልቁል ይቀስራሉ። እርሳሱን ከግድቡ አንድ ጫፍ ላይ አስነሥተን፣ እያንዳንዱን ኮንቱር ቀጥ ባለ ማዕዘን እያቋረጥን፣ ሸንተረር ሸንተረሩን ወደ ላይ እንወጣለን። ከሌላው ጫፍም እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች ከላይ፣ ከወንዞቹ መነሻ በስተጀርባ ሲገጥሙ ተፋሰሱ ተከለለ። ዛሬ ኮምፒውተር ይህን በደቂቃ ይሠራዋል፤ የሚሠራው ግን እርሳሱ የሚሠራውን ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ቢያሰምሩት መስመሮቻቸው ከሞላ ጎደል ይደራረባሉ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ለዚህ ትምህርት የተመቹ ናቸው። በእንጦጦ አናት ላይ ወደ ደቡብ የፈሰሰው ዝናብ ወደ አቃቂ ወንዞች ገብቶ አዋሽ ይሆናል። ወደ ሰሜን የፈሰሰው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወርዶ፣ ከሲቢሉ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንድ ክንድ ተራርቀው የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ አፋር ውስጥ ወዳለው አቤ ሐይቅ ያመራል እንጂ ባሕር አያይም፤ ሌላው የሜዲትራኒያንን መንገድ ይይዛል። ለገዳዲ፣ ቡራዩ አጠገብ ያለው ገፈርሳና የሰበታ ወንዝ በአዋሽ በኩል ናቸው። ሱሉልታ በዓባይ በኩል ናት። አራቱም የአዲስ አበባ ጎረቤት ተብለው አንድ ላይ ቢጠሩም ውኃ ለያይቷቸዋል።

ይህ መስመር ከትምህርት ያለፈ ጥቅም አለው። በተፋሰሱ ውስጥ የተሠራ ቤት የሽንት ቤቱ ጉድጓድ፣ እርሻው የሚታጠብ አፈሩና ማዳበሪያው፣ ጋራዡ የሚያፈሰው ዘይቱ ዞሮ ዞሮ ወደ መጠጥ ውኃ ይሄዳል። ከመስመሩ ጀርባ የተሠራው ግን ሌላ ወንዝ ይነካል እንጂ ይህን ግድብ አይነካም። ስለዚህ የለገዳዲን ውኃ እንጠብቅ ስንል ጥበቃው የት ድረስ እንደሆነ በትክክል መናገር ይቻላል። እንዲህ ያለ እርግጠኝነት ብርቅ ነው፤ ሲገኝ ልንጠቀምበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። የውኃው ድንበር የታወቀ ሆኖ ሳለ የሽንሸናው እቅድ ሳያየው ካለፈ፣ ወሰኑ ጠፍቶ ሳይሆን ሰው ትቶት ነው።

የግድቡ ዳርቻስ? እዚህ ጉዳዩ ይጠጥራል። ውኃው መስከረም ላይ የነካውን ሣር ግንቦት ላይ ጥሎት ሸሽቷል። «ግድቡ የሚያልቀው ውኃው የሚያልቅበት ነው» ካልን ወሰኑ በየሳምንቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ጎረቤቱ ማረሻውን ይዞ ሊከተለው ነው። መሐንዲሶች ለዚህ መላ አላቸው፦ ውኃውን ትተው ከፍታን ይመርጣሉ። ግድቡ ጢም ሲል ውኃው የሚደርስበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ በሜትር ይታወቃል፤ በዚያ ከፍታ ዙሪያውን የሚሄደው ኮንቱር ወሰን ይሆናል፤ ከእሱ ውጭ ደግሞ የጥበቃ ክልል ይታከላል። የሚንቀሳቀስ ነገር የማይንቀሳቀስ ቁጥር ተሰጥቶት ተከለለ ማለት ነው። ወንዝን ወሰን ያደረጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጣሉት ይህ ስለጎደላቸው ነው። ውሉ ላይ «በሰሜን ወንዝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወንዙ በአንድ ኃይለኛ ክረምት ዳርቻውን ንዶ ሌላ መንገድ ሲይዝ ወረቀቱ የሚያመለክተው የትኛውን ወንዝ እንደሆነ የሚነግረን የለም።

የማይከለለው ደግሞ እግራችን ሥር አለ። ለገዳዲ የግድብ ብቻ ሳይሆን የጥልቅ ጉድጓዶችም አገር ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ የከርሰ ምድር ውኃ ፕሮጀክት በቀን 86 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ያ ውኃ የማን ተፋሰስ ነው? ላይ ላዩን ያየነው ሸንተረር እሱን አያግደውም። ከመሬት በታች ያለው ውኃ የሚሄደው በባዛልት ድንጋዩ ስንጥቅና በንብርብሩ መካከል ነው፤ ጥናቶችም ላይ ላዩን ወደ ዓባይ ከሚፈሰው ደጋ ከመሬት በታች ወደ ላይኛው አዋሽ የሚሻገር ውኃ መኖሩን ያመለክታሉ። የዚህን ጠርዝ ለመገመት ጉድጓድ መቆፈር፣ የውኃውን ከፍታ በየጉድጓዱ መለካት፣ የውኃውን ኬሚካል መመርመር ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ የሚገኘው በእርሳስ የሚሰመር ሳይሆን በሰፊ ብሩሽ የሚቀባ ወሰን ነው። አንዱ ብዙ ሲስብ የሌላውን ጉድጓድ ያወርዳል፣ ወሰኑም ራሱ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን ነገር ቆርሶ ለየባለቤቱ ማደል አይቻልም፤ በጋራ መለካትና በጋራ መጠቀም ብቻ ነው የሚቻለው።

አሁን ወደ እርሻው እንሂድ። የገበሬ ወሰን በብዙ ነገር ይታወቃል፦ ሳይታረስ የተተወ የሣር ድንበር፣ የቅንጭብ ወይም የቁልቋል መስመር፣ የተቀበረ ድንጋይ፣ ባሕር ዛፍ። ሁሉም ይሠራሉ፤ ሁሉም ደግሞ በቀስታ ሊገፉ ይችላሉ። «ድንበር ገፋ» የሚባለው ክስ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ስለሆነ ነገር አይደለም። የማረሻ ትልም ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። አንድ ሰው በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ ወደ ጎረቤቱ ቢጨምር ማንም አያይበትም። በአሥር ዓመት ግን 2 ሜትር ነው። የጋራ ወሰናቸው 100 ሜትር ከረዘመ የተወሰደው 200 ካሬ ሜትር ሆነ፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር 200 ካሬ ሜትር ሙሉ የመኖሪያ ቤት ቦታ ነው። ኦሪት ዘዳግም የጎረቤቱን የወሰን ምልክት የሚነቅለውን ሰው ከተረገሙት መካከል የሚቆጥረው በከንቱ አይደለም፤ ይህ ስርቆት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለማየት ያስቸግራል።

አባቶቻችን መሬት አይለኩም ነበር ማለት አይደለም። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ ዛሬ በግምት ሩብ ሄክታር ተብሎ ይወሰዳል። ቀላድ የሚባለው የመሬት ልኬት ሲጣል በገመድ ነበር፤ ጋሻ የሚባለው ስፋትም በኋላ 40 ሄክታር ያህል ተብሎ ተቆረጠ እንጂ ቀድሞ እንደ መሬቱ ለምነት ይሰፋና ይጠብ ነበር። እነዚህ ልኬቶች ለሥራቸው ጥሩ ነበሩ። ግብር ለመጣልና ምርት ለመገመት «ምን ያህል?» የሚለውን ይመልሳሉ። «የት?» ለሚለው ግን አይበቁም። በሬው በከባድ ጥቁር አፈር ላይ የሚያርሰውና በቀላል አፈር ላይ የሚያርሰው እኩል አይደለም፤ የጠፍር ገመድም ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ያጥራል።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ለገበሬው የተሰጠው የመጀመሪያው የመሬት ደብተር ብዙ መልካም ነገር አመጣ፤ በብዙ ቦታ ሚስት ስሟ ከባሏ ጋር እንዲጻፍ ማድረጉ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ወሰንን በተመለከተ ግን አብዛኛው ደብተር ያለው የአራት አዋሳኝ ስም ነው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። እገሌ ሲሞት መሬቱ ለሦስት ልጆቹ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ደብተሩን አንብቦ ወሰኑን ማግኘት የሚችለው የእገሌን ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እውቀቱ ያለው በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በሰፈሩ ሰው አእምሮ ውስጥ ነው። በመሐል ጎጃም ቀበሌ ውስጥ፣ ሰው በማይፈልስበት፣ ይህ ለረጅም ጊዜ ይሠራል። በለገዳዲ ወይም በሰበታ ዳርቻ፣ ጎረቤት በየዓመቱ በሚለወጥበት፣ የሚያስታውሰው ሰው ቶሎ ያልቃል። መሬት በእጅ ውል ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ደግሞ እያንዳንዱ ውል ቀድሞ ባለው ውል ላይ ተደግፎ «ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ድንጋይ» ይላል።

ሁለተኛው ደብተር ካርታ ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በብሪታንያ ድጋፍ በተካሄደው ፕሮግራም ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎች በዚህ መንገድ ተከልለዋል። አሠራሩ ውብ ነው፤ ላቆይባችሁ። ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ትክክለኛ መጠኑን ጠብቆ ይታተማል። ባለሙያው ፎቶውን ይዞ ማሳው ላይ ይቆማል። ባለይዞታው፣ አዋሳኞቹና የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አብረው ይቆማሉ። ወሰኑን ይዞራሉ፤ ሲስማሙ ባለሙያው ፎቶው ላይ ያሰምራል፤ ማሳው ቁጥር ያገኛል። ሥራው ካለቀ በኋላ ካርታው ለሕዝብ ይለጠፋል፣ ቅር ያለው ያመለክታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚመዘገበው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቴክኖሎጂው ትንሹ ክፍል ነው። ፎቶው የሚያደርገው ሁለት ጎረቤቶች ዛሬ የተስማሙበትን መያዝ ብቻ ነው፤ ስምምነቱን ራሱን አይፈጥረውም። አንድ ጉድለትም አለው። ካርታው 1 ለ2000 ቢሆን፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ የእርሳስ መስመር መሬት ላይ 1 ሜትር ይሸፍናል። ለስንዴ ማሳ ይህ ምንም አይደለም። ማሳው ነገ ከተማ ውስጥ ቢገባና ቢሸነሸን ግን ያ 1 ሜትር ግድግዳ የሚቆምበት ይሆናል።

ስለዚህ የከተማ ወሰን በቁጥር ይያዛል። የከተማ ካርታችሁን ብታዩ ለእያንዳንዱ የቦታው ማዕዘን ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ ባለሙያዎች ኮኦርድኔት ይሏቸዋል። ብዙ ሰው አይቷቸው ያልፋል፤ ማንበብ ግን ከባድ አይደለም። ሁለቱም በሜትር ናቸው። ዓለም ለዚህ ሥራ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጉ 60 ዞኖች ተከፍላለች፤ እኛ በ36፣ በ37 እና በ38 ውስጥ ነን፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ በ37 ነው። የዞኑ መሐል 39ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ለእሱ 500,000 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። አንዱ ቁጥር ከዚህ መስመር ስንት ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ እንደሆናችሁ ይነግራል። ለገዳዲ ለመስመሩ በጣም ቅርብ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 500,000 የተጠጋ ነው። ሌላው ቁጥር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ነው፤ በአዲስ አበባ አካባቢ ወደ 1,000,000 ይጠጋል፤ ከምድር ወገብ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እንርቃለንና። ሁለቱ ቁጥሮች ከዞኑ ቁጥር ጋር ከተገናኙ በምድር ላይ አንድ ነጥብ ብቻ አለ።

እዚህ ላይ በጣም ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር አለ። ቁጥር ከአንድ ቦታ መቆጠር መጀመር አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዓባይ ተፋሰስ ሲቀየስ መነሻ የተደረገው አዲንዳን የሚባል፣ ከግብፅና ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ ነጥብ ነው። የአገራችን ካርታዎች ለብዙ ዓመታት የተሠሩት በዚህ ሥርዓት ነው። ስልካችን ላይ ያለው ጂፒኤስ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን፣ ከምድር መሐል የሚነሣውን ይጠቀማል። አንድ ዓይነት ሁለት ቁጥር በአንደኛውና በሁለተኛው ሥርዓት ብናነብ የምናርፍባቸው ቦታዎች በእኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ካርታችሁ በአዲንዳን ሆኖ በስልክ ብትፈልጉት ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ትቆማላችሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ስልኩም ትክክል ነው፤ የጠፋው የሥርዓቱ ስም ነው። ሥርዓቱ ያልተጻፈበት ኮኦርድኔት ዳግም አይገኝም፤ እንግዲህ ወሰን ልንለው አንችልም።

ሥርዓቱ ቢታወቅም መሣሪያው እንደ ቦታው ስፋት መመረጥ አለበት። የስልክ ወይም የእጅ ጂፒኤስ ሰማዩ ገላጣ ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። አንድ ጋሻ መሬት ለሚያስለካ ሰው ይህ አያሳስብም፤ የጋሻው ጎን ከ600 ሜትር በላይ ነውና። ቦታው 10 በ20 ከሆነ ግን የ3 ሜትር ስህተት የፊት ለፊቱ ሲሶ ያህል ነው። ለዚህ ነው የከተማ ቀያሽ በሦስት እግር ላይ የቆመ፣ ቶታል ስቴሽን የሚባል መለኪያ፣ ወይም ከታወቀ ቋሚ ጣቢያ እየተነጋገረ እስከ ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ጂፒኤስ ይዞ የሚመጣው። በስልክ ተለክቶ የተሸጠ የከተማ ቦታ ካጋጠማችሁ፣ ልኬቱ ጨርሶ እንዳልተደረገ ብትቆጥሩት ይሻላል።

እስካሁን ያልነው ወሰንን ማወቅ ነው። ማወቅና መሬት ላይ ማሳየት ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንዱ በወረቀት ማካለል፣ ሌላው ችካል መትከል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ውሳኔውን ሲሰጥ ያካለለው በወረቀት ነበር፤ ችካሉ ሳይተከል ቀርቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ኮሚሽኑ የኮኦርድኔት ዝርዝሩ በቂ ነው ብሎ ሥራውን ዘጋ። ወሰኑ በቁጥር ሙሉ ነው፤ መሬቱ ላይ ለሚኖረው ሰው ግን ምልክት የለውም። ወደ ለገዳዲ ስንመለስ፣ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በመካከላቸው ባለው የአስተዳደር ወሰን መስማማታቸውን ያስታወቁት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሰንዳፋና ገላን ሸገር ከተማ በሚል ስም አንድ ሆኑ። የአስተዳደር ወሰን ከይዞታ ወሰን የተለየ ነው። የአስተዳደሩ ሲለወጥ የቦታችሁ ማዕዘን ባለበት ይቆያል፤ የሚለወጠው ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ቢሮ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ያለ ሰው ፋይሉ የት እንዳለ ደጋግሞ ማረጋገጥ አለበት፤ ፋይሉ ከሌለ የማዕዘኖቹ ቁጥርም የለም።

ችካልን ከሚነቅል እጅ መጠበቅ ደግሞ የዓለም ሁሉ ጭንቀት ነው። በጀርመን ባቫሪያ፣ በተለይ ፍራንከን በሚባለው አካባቢ፣ ፌልድገሽቮረነ የሚባሉ መሐላ የገቡ የመንደር ሽማግሌዎች አሉ። የወሰን ድንጋይ ሲተክሉ ከሥሩ የሸክላ ወይም የመስተዋት ቁርጥራጮችን እነሱ ብቻ በሚያውቁት አቀማመጥ ይቀብራሉ፤ ምስጢሩን እስከ ሞት ይጠብቃሉ። ድንጋዩን አንድ ሰው በሌሊት ቢያዛውረው ከሥሩ ያለውን አቀማመጥ ሊደግመው አይችልም፤ ሽማግሌዎቹ ቆፍረው ያረጋግጣሉ። በእኛ አገር ይህን ሥራ የምስክር አፍ ሲሠራው ኖሯል። ሽማግሌዎች ወሰኑን በእግራቸው ዞረው ያሳያሉ፣ ልጆች እያዩ ያድጋሉ። አዋጅ ቁጥር 818/2006 ለከተማ ያመጣው ሥርዓትም ይህንኑ ምስክርነት ወደ መዝገብ የሚያሸጋግር ነው፦ ቀጠና ታውጆ ባለይዞታዎች ማስረጃቸውን ያቀርባሉ፣ ወሰናቸው ይለካል፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፣ ከዚያ ይመዘገባል። ውጤቱ ይፋ በሚሆንበት ጊዜ ሄዶ ማየት ግድ ነው። ያን ቀን ያላየ ሰው በኋላ የሚከራከረው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከመዝገቡ ጋር ነው።

ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ቤታችሁ ውስጥ ባለ ሜትር የምታረጋግጡት አንድ ነገር አለ። ቦታው አራት ማዕዘን፣ 10 በ20 ነው እንበል። አራቱን ጎን መለካት አይበቃም፤ ጎኖቹ ልክ ሆነው ቅርጹ ሊያጋድል ይችላልና። ከማዕዘን ወደ ማዶው ማዕዘን አግድም ለኩ፣ ሁለቱንም። ጎረቤታችሁ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ቢይዝ ይመረጣል፤ ቁጥሩን አብሮ ያየ ሰው በኋላ አይጠራጠረውም። ሁለቱም 22 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። ከፊት ለፊቱ ሁለት ማዕዘኖች አንዱ በግማሽ ሜትር ወደ ሌላው ተገፍቶ ከሆነ፣ ከእሱ የሚነሣው አግድም ወደ 22 ሜትር ከ14 ያጥራል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። የ22 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ለዓይን ምንም አይደለም፤ ከቦታው ግን 5 ካሬ ሜትር ሄዷል።

ጎኖቹ ልክ ሆነው ሁለቱ አግድሞች እኩል ቢመጡ ቅርጹ ልክ ነው ማለት ነው፤ ቦታው ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ወገን አለመንሸራተቱን ግን ሜትሩ አይነግራችሁም። ያን የሚያውቀው ከሰፈሩ ውጭ ካለ ከታወቀ ነጥብ የተነሣ ልኬት ብቻ ነው። ቀያሹ ሲመጣ ከየትኛው ቋሚ ነጥብ እንደተነሣ፣ በየትኛው ሥርዓት እንደለካ፣ ቀኑንና የአዋሳኞችን ፊርማ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍር ጠይቁ፤ አንዱን ቅጂም ከካርታው ጋር አብራችሁ አስቀምጡ።